የክሌም ሾፍስታል አራት ደቀ መዛሙርት

የሆፈርስበርግ ወንድ አርባ ዓመት ሳይሞላው እጁ ይንቀጠቀጣል። ከተማችን የባርኔጣ ከተማ ነው። የጥንቸል ጠጉር በመድኃኒት ተለውሶ፣ በፈላ ውሃ ታሽቶ ባርኔጣ የሚሆነው በፋብሪካው የጋን ክፍል ነው፤ መድኃኒቱ መርዝ ነውና እዚያ ብዙ የቆየ ሰው ሾርባውን በማንኪያ ከአፉ ማድረስ ያቅተዋል። እንግዳ ሲያይ ይደነግጣል። እኛ ግን «የባርኔጣ እጅ» ብለን ስም አውጥተንለት፣ በሰርግ ላይ የሙሽራው አባት ብርጭቆውን ሲያነሳ ቢራው በጠረጴዛው ላይ ሲረጭ አብረን እንስቃለን። ከማልቀስ ይሻላል።

የክሌም ሾፍስታል አባት እንዲህ ያለ እጅ ነበረው። ክሌምም በአሥራ አራት ዓመቱ እዚያው ክፍል ገባ፤ አንድ ነገር ባይችል ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ቅርጫት ኳስ መወርወር ይችላል። መጫወት አላልኩም፤ መወርወር ነው ያልኩት። ሲሮጥ ያየው ሰው ቁም ሳጥን ተሸክሞ ደረጃ የሚወርድ ይመስለዋል፤ ሲዘልም ከመሬት መለየቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከቅጣቱ መስመር ላይ አቁመው ኳስ ከሰጡት ግን ከመቶ ዘጠናውን ያገባል። በዚያ ዘመን ደግሞ ይህ ብቻውን እንጀራ ይሆን ነበር። ደንቡ እንዲህ ነበርና፤ ጥፋት የተሠራው በማንም ላይ ይሁን፣ ቅጣቱን የሚወረውረው ቡድኑ ለዚያ የመረጠው አንድ ሰው ነው።

ጥፋት ደግሞ ሞልቶ ነበር። ጨዋታው ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ቤት ፎቅ ላይ ባለው የጭፈራ አዳራሽ ነው፤ ዙሪያውን ቁመቱ ሦስት ሜትር ተኩል በሆነ የሽቦ አጥር ይታጠራል፤ ኳሱ ከአጥሩ ስለማይወጣ ጨዋታው አይቆምም፤ አሥሩ ሰዎች ሲላተሙ፣ ከሽቦው ሲጋጩ፣ ሸሚዛቸው ደም በደም ሆኖ ያመሻሉ። ከአጥሩ ውጭ የተቀመጡት የሆፈርስበርግ ሴቶች ባርኔጣ የሚሰኩበትን ረጅም መርፌ በሽቦው መሃል አሳልፈው የእንግዳውን ቡድን ሰው ቂጥ ይወጉታል። በአንድ ምሽት ሠላሳ አርባ ቅጣት ይነፋል። ዳኛው ባፏጨ ቁጥር ክሌም ከምድጃው አጠገብ ካለው ጥግ ተነስቶ፣ መዳፉን በሱሪው ጠርጎ፣ እየተጎተተ ወደ መስመሩ ይመጣል።

«ክሌም፣ ወንበር እናምጣልህ?» ይሉታል ከጎረቤት ከተማ ከሚልባክ የመጡት ደጋፊዎች።

«ለእናንተ ኳስ ለቃሚ አምጡ፤ ከቅርጫቱ ሥር የሚያነሳ!» ይላሉ የኛዎቹ።

ክሌም አይሰማም። ኳሱን በጣቶቹ እያዟዟረ የማሰሪያውን ክር ይፈልጋል። ያን ጊዜ ኳስ እንደ ጫማ በክር የሚታሰር ነበር፤ ክሩ ያለበት ጎን ቀለበቱን ከነካ ኳሱ ወደፈለገው ይዘላል። ይህን ስንቱ ተጫዋች ልብ ሳይለው አርጅቷል። ክሌም ክሩን ወደ ራሱ አዙሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ኳሱን ከሥር ወደ ላይ ይልከዋል። ከዚያም መግባቱን ሳያይ ወደ ጥጉ ይመለሳል።

ከጋኑ ክፍል ያወጣው ባርት ኮይል ነው። ባርት ጎረቤቱ፣ አብሮ አደጉ፣ በኋላም የሚስቱ ወንድም ነበር፤ ቁመቱ የአዳራሹን መብራት የሚነካ፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው። አንድ ቀን በእንፋሎቱ መሃል ገብቶ ክሌምን በክንዱ ያዘው።

«ና ውጣ ከዚህ ሲኦል!»

«ወዴት?»

«የጭፈራ አዳራሹ ጌታ ሚስተር ፊንስተር ቡድን ሊያቋቁም ነው። ደመወዝ አለው እኮ፣ ደመወዝ!»

«እኔ ሩጫ አልችል፣ ምን እሠራለሁ?»

«ሩጫውን ለእኛ ተውልን። አንተ ዝም ብለህ ቆመህ ወርውር!»

ወጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በብርዱ ወራት ሲወረውር፣ በሙቀቱ ወራት በጋሪ በረዶ ሲያመላልስ፣ የጋኑን ክፍል በር ዳግም አላየም። ቡድኑ የሸለቆውን ሊግ ሦስት ጊዜ በላ። ክሌም የባርትን እህት ሌታን አገባ። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው የአሳማ ሥጋ በኮመጠጠ ጎመን ይበላሉ፤ ባርትም ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ «እኔ አጥር ውስጥ የምገጨው፣ ይሄ ሰነፍ አማቼ ቆሞ እንዲበላ ነው!» ይላል። ክሌም ከሁሉ አብልጦ ይስቃል። የባርት ቀልድ ፍቅር መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ማለቴ፣ ያወቀ ይመስለው ነበር።

በአሥረኛው ዓመት፣ የገና በዓል ካለፈ በኋላ፣ የክሌም አውራ ጣት አበጠና አንድ ጨዋታ ቀረ። ቡድኑም ሃያ ስድስት ቅጣት ወርውሮ ሰባት አግብቶ ተሸነፈ። በማግሥቱ ባርት፣ ያን ጊዜ የቡድኑ አለቃም እሱ ነበር፣ ክሌም ቤት መጣ።

«ስማ ክሌም፣ ብትታመም አለቅን ማለት ነው።»

«ጣቴ እኮ እየዳነች ነው።»

«ዛሬ ጣት ነው፣ ነገ እግር ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ለምን አታስተምረንም? እኔንም፣ ሌሎቹን ሦስት ተጫዋቾችም።»

ሌላ ወርዋሪ ቢሆን እምቢ ይል ነበር። በየከተማው ያሉት ወርዋሪዎች እጃቸውን እንደ መድኃኒት አዋቂ ደብቀው ነው የኖሩት፤ የሚልባኩ ኦስካር ጊንግሪች ለገዛ ወንድሙ እንኳ አላሳየም ይባላል። ክሌም ግን ደስ አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ባርት ነበር የሚያሳየው፤ ዋና ያስተማረው ባርት፣ ጭፈራ ያስተማረው ባርት፣ ከሴት ጋር እንዴት እንደሚወራ የነገረውም ባርት። አሁን ባርት ከእሱ ሊማር መጣ። ክሌም ያን ምሽት ለሌታ ሁለት ጊዜ ነገራት።

አሥር እሁድ አስተማራቸው። የክሩን ነገር አንድም ሳይደብቅ አሳያቸው፤ ኳሱ ሲከብድ፣ ኳሱ ሲረጥብ፣ ምድጃው አየሩን ሲያደርቀው ጣት ምን ማድረግ እንዳለበት ነገራቸው። «ቀለበቱን በሙሉ አትዩ፤ ፊት ለፊት ያለችውን ከንፈሩን ብቻ እዩ። ሰው ሲሰድባችሁ ትንፋሻችሁን አውጡና ወርውሩ፤ ተነፍታችሁ ከወረወራችሁ ለተሳዳቢው ነው የወረወራችሁት።» ሦስቱ ቶሎ ያዙት። ባርት ግን እጀ ግትር ነበር። ክሌም ከኋላው ቆሞ፣ በእግሩ ጣቶች ተንጠራርቶ፣ የዚያን ረጅም ሰው ሁለት የእጅ አንጓዎች ይዞ እንደ ሕፃን አወዛወዘው። ሌሎቹ ምሳቸውን ሊበሉ ሲሄዱ ሁለቱ ይቀራሉ።

«አልሆነልኝም፣ ተወኝ በቃ!»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ሚስቴ ትገለኛለች፤ ምሳው ቀዘቀዘ።»

«አንድ ጊዜ፣ ባርት። አሁን እየመጣልህ ነው።»

በአሥረኛው እሁድ ባርት ከሃምሳ አርባ አራት አገባ። ክሌም በሕይወቱ ሙሉ ካገባው ሁሉ ያን ያህል ያስደሰተው አልነበረም፤ ኳሱን ሲያቀብለው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ባርትም አይቶታል።

ከፋሲካ በኋላ የሊጉ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሰባት ቡድኖች ነበሩ፤ የስብሰባው ወሬ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ደንቡ ሊቀየር ነው፣ ከእንግዲህ ጥፋት የተሠራበት ሰው ራሱ ይወርውር ሊባል ነው። ደንቡ ከተቀየረ ክሌም ምን እንደሚሆን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መሮጥ የማይችል ሰው ያለ ውርወራ ቡድን ውስጥ ምን ይሠራል? በሠላሳ አራት ዓመቱ ወደ ጋኑ ክፍል ይመለሳል። የከተማችንን ድምፅ ሊሰጥ የሚሄደው ባርት ነበርና ክሌም እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘው።

«አደራህን።»

«እኔ እያለሁ? ምን ነካህ አንተ!» አለ ባርት፣ ትከሻውን ቸብ አድርጎት ባቡሩ ላይ ወጣ።

በማግሥቱ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። «አራት ለሦስት ተሸነፍን፤» አለ። «ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራከርኩ፣ ክሌም። ልባቸው ደንጋይ ነው።» ክሌምም ምን አደረገ መሰላችሁ? አጽናናው። «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፤» ብሎ ቢራ ጋበዘው።

የዚያን ዓመት የሙቀቱን ወራት ክሌም ሮጠ። ጎህ ሲቀድ ከድንጋይ ማውጫው ጀርባ ያለውን ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከዚያ በረዶውን ሊጭን ይሄዳል። ወተት የሚያድሉት ሰዎች ሲያዩት ከጋሪያቸው ላይ ሆነው ይስቁ ነበር። ኪሎው ቀነሰ፣ ቁርጭምጭሚቱ አበጠ፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነበር። በጥቅምት የቡድኑ ስም ዝርዝር በፀጉር አስተካካዩ መስኮት ላይ ተለጠፈ። የክሌም ስም የለም፤ በቦታው ሬይ ስቶልትስ የሚባል ከሌላ ከተማ የመጣ ፈጣን ወጣት ገብቷል።

«ፊንስተር ነው፤» አለ ባርት። «እግሩ ላይ ልወድቅለት ምንም አልቀረኝ።»

ክሌም ይህንንም አመነ። ሞኝ ነበር ብዬ ልስደበው እችላለሁ፤ ግን ሰው የልብ ወዳጁን ካላመነ ማንን ያምናል?

ስሙ ከቀረ ሳምንት ሳይሞላው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኦስካር ጊንግሪች ከሚልባክ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ተፎካክረው፣ በሽቦው መሃል ተሰዳድበው፣ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው አላወሩም። አሁን ሁለቱም ከጨዋታ ውጭ ናቸው። በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ሌታ ቢራና ፕሬትዘል የሚባለውን ጨዋማ ደረቅ ብስኩት አቀረበችላቸውና ወደ ውስጥ ገባች።

«እንዴት ነህ፣ ሽማግሌ?» አለ ኦስካር።

«አንተ አይደለህ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ?»

«ስንወረውር እኩል ነበርን።» ኦስካር ፕሬትዘሉን ሰበረ። «አሁን የዳቦ ጋሪ እነዳለሁ። አልከፋም። ግን ላንተ ሳዝን ነው የከረምኩት፤ ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት። እኔን የጣለኝ ባዳ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

ኦስካር የሰበረውን ፕሬትዘል ሰሃኑ ላይ መለሰ። «አታውቅም እንዴ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሸለቆው በሙሉ የሚያውቀውን ክሌም ብቻ አልሰማም ነበር። የሚልባክ ቡድን አለቃ በስብሰባው ላይ ነበር፤ ለኦስካር ጥብቅና የቆመውም፣ የሆነውን የነገረውም እሱ ነው። ድምፁ ሦስት ለሦስት ሆኖ የሆፈርስበርግ ብቻ ሲቀር ባርት ኮይል ተነሳ። «ደንቡ ይቀየር፤» አለ። «የእኛ ከተማ አይፈራም። የእኔ ሰዎች ሁሉ ከሃምሳ አርባውን ያገባሉ፤ የብርዱን ወራት ሙሉ እሁድ እሁድ ተለማምደናል።» እጁን አወጣ፤ አራት ለሦስት።

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ክሌምም ራሱን ነቀነቀ። «ተሳስተሃል። ባርት አስተምረን ያለኝ ጣቴ ስላበጠ ነው። ያን ጊዜ ስለ ደንቡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

«ክሌም፣» አለ ኦስካር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የሊጉ ደብዳቤ ለአለቆቹ የደረሰው እኮ ከገና በፊት ነው።»

ክሌም ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከገና በፊት። ጣቱ ያበጠችው ከገና በኋላ ነው። አሥሩ እሁድ አንድ በአንድ መጣበት፤ የባርት አንጓ በእጁ ውስጥ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ» ሲል የነበረው የራሱ ድምፅ፣ ያቀረረው እንባ። ከሁሉም ያንገበገበው እንባው ነበር። ያ ሰው የሚያደርገውን እያወቀ፣ እንባውን አይቶ ዝም አለ።

ኦስካር ሲሄድ ክሌም ወደ ኩሽና ገባ። ሌታ ሸሚዝ ትተኩሳለች። የሰማውን ነገራት። አልደነገጠችም፤ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳችና በእጇ እንደያዘችው ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ክሌም...»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከስብሰባው በተመለሰ በሳምንቱ። ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ።» እንባዋ መጣ። «ወንድሜ ነው። ምን ላድርግ? አንተም በየጠዋቱ ዳገቱን ስትወጣ እያየሁ... ከዛሬ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ።»

በየጠዋቱ ስንቅ ቋጥራ ደጅ ድረስ የምትሸኘው እሷ ነበረች። ክሌም አልጮኸባትም። አንድ ሰው ሲከዳህ የምትሄድበት ቤት ይኖርሃል፤ ክሌም የሚሄድበት ቤት እዚያው የቆመበት ነበር። ሌሊቱን ወንበር ላይ አደረ።

በማግሥቱ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ወጣ። አምስቱ ይለማመዳሉ። ባርት ከመስመሩ ላይ ነው፤ ክሩን በጣቱ ፈለገ፣ ወደ ራሱ አዞረ፣ ትንፋሹን አወጣ፣ ከሥር ወደ ላይ ላከ። ገባ። ክሌም ከሽቦው ውጭ ቆሞ ሦስት ሲገባ ተመለከተ፤ አወራወሩ ነቀፋ የማይወጣለት ነበር። ባርት ዞር ሲል አየው። ፊቱን ያዩት ሌሎቹ ያለ ምንም ቃል ሹራባቸውን አንስተው ወረዱ።

«ኦስካር መጣ አሉ፤» አለ ባርት።

«መጣ።»

ባርት የአጥሩን በር ከፍቶ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ረጅም እግሮቹን ዘረጋና ጉልበቱን ያሸት ጀመር። «ስማኝ፤ ደንቡ ዛሬ ባይቀየር ነገ መቀየሩ አይቀርም ነበር። አንተ ወደ መስመሩ እስክትደርስ ሕዝቡ ሲያዛጋ አላየህም? የትልልቆቹ ከተሞች ቡድኖች ከእኛ ጋር አንጫወትም ብለው ነበር፤ ፊንስተርም አዳራሹን ለጭፈራ ብቻ አደርገዋለሁ እያለ ነበር።»

«ይሄን ሁሉ ልትነግረኝ ትችል ነበር።»

«ጉልበቴ አልቋል፣ ክሌም።» ባርት ቀና ብሎ አላየውም። «ሁለቱም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ መዝለል አልችልም፤ በቁመቴ ነው የማታልለው። ውርወራ ካልያዝኩ አንድ ዓመት እንኳ አልቆይም ነበር። ከዚያ ወዴት እሄዳለሁ? አንተን ካወጣሁበት ክፍል ልገባ ነው? አባትህን አይቻለሁ፤ አባቴንም አይቻለሁ።»

«ስለዚህ እኔ ልግባ።»

ከታች የእሳት አደጋው ሠራተኞች ፈረሶች ወለሉን ይመቱ ነበር።

«ከሁለት አንዳችን ነበርን፤» አለ ባርት። «ነግሬህ ቢሆን ኖሮ አታስተምረኝም ነበር። ማን ያስተምራል? እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ጥርሴን ነክሼ እምቢ እል ነበር። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።»

ክሌም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ እውነቱን ከራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ነበርና አሰበበት። የጋኑን ክፍል አሰበ፤ እንፋሎቱን፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ለመጠየቅ የሚያንኳኳውን በር። ከዚያ ይህ ረጅም ሰው በልጅነታቸው ከወንዙ ዳር ሆዱን በእጁ ደግፎ ዋና ሲያስተምረው አየ።

«አስተምርህ ነበር፤» አለ።

«ተው እንጂ።»

«መጥተህ ‹ክሌም፣ ጉልበቴ ሞቷል፣ እንጀራህን ስጠኝ› ብትለኝ፣ ተናድጄ አንድ ሳምንት አላናግርህም ነበር። ከዚያ እሁድ መጥቼ አስተምርህ ነበር።»

ባርት ቀና ብሎ ፊቱን አየው፤ የሚያውቀው ፊት ነው፣ ሠላሳ ዓመት አብሮት የኖረ፣ መዋሸት የማይችል። እውነት መሆኑ ገባው።

«እንዲህ አትበለኝ። ስደበኝ፣ ክሌም። ምታኝ ከፈለግህ። እንዲህ ብቻ አትበለኝ።»

ክሌም ግን ለዚያ ሰው የሚሰጠው ነገር አልቀረውም፤ ስድብም ቢሆን። ባርኔጣውን አድርጎ ደረጃውን ወረደ።